የመምህሩ ፒጃማ

ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ሳፋው ውስጥ የማታውቀው ፒጃማ ተዘፍዝፎ አገኘች። ሰማያዊ መስመር ያለው፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳ፣ ወገቡ በገመድ የሚታሰር የሽማግሌ ፒጃማ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት እሷና ታናሽ ወንድሟ ብቻ ናቸው። እናታቸው ካረፈች ሰባት ዓመት አልፏታል፤ አባታቸውንማ ሁለቱም የሚያውቁት በፎቶ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ልብሱን አይታ የባለቤቱን ቁመና ትገምታለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው የወደቀ ሰው። በጣቷ ጫፍ ከፍ ስታደርገው ከሳሙናው ሽታ ሥር የሽንት ሽታ መጣባት። እየተንጠባጠበ ይዛው ወደ ቤት ገባች።

ወንድሟ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። የሚሠራው ማተሚያ ቤት ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ጆሯቸውን በጥጥ ይወትፋሉ፤ እሱ ግን ጥጥ አያስፈልገውም፤ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ምንም አይሰማም። የሰው ንግግር የሚያውቀው ከንፈር እያየ ነው። ፊት ለፊቱ ቆማ ፒጃማውን አሳየችው።

«የማን ነው?»

ዳቦውን አስቀመጠ። «የመምህሩ» አለ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ጎረቤት ሁሉ የሰማው መሰላት።

በዚያ ቤት ስሙ ሳይጠራ «መምህሩ» የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ ስቀሃል ብሎ ይህን ልጅ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቁሞ፣ ሁለት መዳፎቹን ከፍቶ ሁለቱን ጆሮዎቹን ባንዴ አጮለው። ልጁ ቤት የገባው አንገቱ ላይ ደም ደርቆ ነበር። እሷ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። እናታቸው የሰው ቤት ልብስ ስለምታጥብ፣ ልጁን ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዛ የምትዞረው እሷ ሆነች፤ በዚያው ደብተሯን እንዳስቀመጠች ቀረች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለእናቷ አንድ ወረቀት ሰጣት፤ ልጁ ቀድሞም የጆሮ ሕመም እንደነበረበት የሚመሰክር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት። እናቷ ማንበብ ስለማትችል ያነበበችላት እሷ ናት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ወር ሆነው። መንገድ ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ሰው ሁሉ ሰክረው ነው ብሎ ያልፋቸዋል። ለካ ስትሮክ መቷቸው ኖሯል። ማን እንደሆኑ ያወቅኩት ካነሳኋቸው በኋላ ነው።»

«ስታውቅስ ለምን አልጣልከውም?»

«ካነሳሁ በኋላ መጣል ከበደኝ» አለ። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ታጥብለታለህ?»

«ልብሳቸውንም፣ ራሳቸውንም። ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኗል እትዬ።»

«እሳቸው?» አለች። «እሳቸው ትለዋለህ?» ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እሷም በቅጡ አታስታውሰውም። ስለ እናታቸው ተናገረች፣ ስለ ክሊኒኮቹ ወረፋ፣ ስለ ወረቀቱ ተናገረች፤ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን መታች። ወንድሟ ከንፈሯን በዓይኑ እየተከተለ ቆየና እጁን አነሳ።

«ቀስ በይ እትዬ። ስትቆጪ አፍሽ አይነበብም።»

ይህ ይበልጥ አናደዳት። አፏን ከፍታ፣ እያንዳንዱን ቃል ለያይታ፣ «አንተ ይቅር በለው፤ ጆሮው ያንተ ነው። የእኔን ግን ማን ይቅር በል አለህ? ትምህርቴን የተውኩት እኔ ነኝ። እማዬ ወረቀቱን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የሞተችው። ማን ፈቀደልህ?» አለችው።

«ያንቺን አልነካሁም። ያንቺ እንዳለ ነው» አለ። ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አያት። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ኋላ ነው የምቆመው፤ የሚሰብከውን ሰው አፍ ከዚያ ሆኜ ማየት አልችልም። ስብከቱ ካልተሰማኝ፣ የቀረኝ ማድረግ ነው።» ሰውየው የሚኖርበትን ጠየቀችው፤ ሳይደብቅ ነገራት፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ከዚያ ከንፈሯን ማየት የጠላ ይመስል ፊቱን አዙሮ ወጣ።

ፒጃማውን ጨምቃ፣ እንደረጠበ ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቃ ይዛው ወደ ሥራ ሄደች። ፊቱ ላይ ልትወረውርለት ነው ያሰበችው። የምትሠራበት የልብስ ስፌት ክፍል ስድስት ማሽኖችና አንድ መስኮት አለው፤ ወሩ የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት ስለሆነ ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ ወንበሩ ሁሉ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ሴቶቹ ክር ስለመወደዱ፣ የአንዷ ልጅ ትኩሳት ስለመያዙ፣ መስኮቱን ማን እንደሚያስጠግነው ያወራሉ። እሷ ዝም ብላ ትሰፋለች። ከጎኗ የምትቀመጠው፣ በቁመቷ ማነስና አዝራር በመትከል ፍጥነቷ «አዝራር» የሚሏት ጓደኛዋ፣ ዝምታው ሲበዛባት ምን ሆነሽ ነው ብላ ወተወተቻት። በአጭሩ ነገረቻት።

አዝራር ማሽኗን አቆመች። «ውይ ወንድምሽ! ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው! አንቺም ብትሆኚ በቃ ተይው፤ ለፈጣሪ ስጪው። ቂም እኮ የሚጎዳው ባለቤቱን ነው» አለች። አዝራር ከእናቷ በቀረ አንድ ቁም ሣጥን ከታናሽ እህቷ ጋር ተካስሳ፣ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እሷ ይህን ልታስታውሳት ፈለገችና ተወችው። በሌላ ሰው ላይ የተሠራ በደል ለይቅርታ እንዴት ይቀላል፣ አለች በልቧ። ከዳር ቆሞ ተይው የሚለው ሰው ብዛት! ያኔም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር እናቷን ወደ በሩ እየሸኘ ለፈጣሪ ስጪው ነው ያላት። ከምሳ በኋላ የተሰፉት እጅጌዎች ሲታዩ አሥራ አንዱን ገልብጣ ሰፍታቸዋለች። ባለቤትየዋ እጅጌዎቹን አየች፣ ፊቷን አየችና፣ «ዛሬ ወደ ቤትሽ ብትሄጂ ይሻላል» አለቻት።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። ፌስታሉን ይዛ ወደ ዳቦ ቤቱ አቅጣጫ እየተራመደች የምትለውን አዘጋጀች። መጀመሪያ የምትለው ቃል «አንተ» ነው። የእናቷ ታላቅ የሚሆን ሰው አንተ ብላ አታውቅም፤ ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ተለማመደችው። አንተ፣ ታውቀኛለህ? አንተ፣ ያ ልጅ ትዝ ይልሃል? በየማታው የምትደግመው ጸሎት ውስጥ ስለ በደሉን ሰዎች የሚናገር አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅ ሳታሰማ ነው የምታልፈው። ፈጣሪን መዋሸት ስለማትፈልግ ነው። ወንድሟ ያቺን ቦታ እንዴት አድርጎ እንደሚያልፋት ጠይቃው አታውቅም ነበር።

አረንጓዴው በር ክፍት ነው። ግቢው ውስጥ አከራይዋ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። «የመምህሩ ልጅ ነሽ?» አለቻት ቀና ሳትል። አይደለሁም ስትላት፣ «መቼም ልጁ አትመጣ! እዚያ ሩቅ ከተማ ተቀምጣ ደህና ነው ወይ እያለች መደወል ብቻ። ሽታው ለእኔ! ያ የማይሰማው ልጅ ባይኖርማ ድሮ አውጥቼ ጥዬው ነበር» አለች። በቢላዋዋ ጫፍ ወደ ጓሮ ጠቆመቻት።

ክፍሉ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና መስኮት የማትባል ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ላይ ለረጅም ዘመን የማስተማር አገልግሎት የተሰጠ የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። አልጋው ባዶ ነው። ሰውየው በአልጋውና በግድግዳው መሐል ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀኝ እጁ ከሥሩ ተጣጥፎ፣ የለበሰው ሁሉ ርሶ፣ ፊቱ ወደ ጣሪያው ዞሮ፣ አፉ በአንድ ወገን ተጣሞ ያጉተመትማል። ሃያ ሁለት ዓመት በሐሳቧ ስትጣላው የኖረችው ሰው ግዙፍ ነበር።

አፏን ከፈተች። «ያውቁኛል?» አለች። የወጣላት እርስዎ ነው። በራሷ አፍ ተናደደች። «የዚያ በጥፊ ያደነቆሩት ልጅ እህት ነኝ።»

ሰውየው ማጉተምተሙን አቆመ። ወደሱ ጎንበስ አለች፤ ልታነሳው ይሁን በኮሌታው ይዛ ልትንጠው፣ ገና አልለየችም። እጇ ገና ሲዘረጋ ሰውየው ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ቀበረና ግራ እጁን አንስቶ ግራ ጆሮውን ሸፈነ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ቀኝ ጆሮው እንደተጋለጠ ቀረ። እጇ አየር ላይ ቆመ። ያኔ ነው ከቀኝ ቅንድቡ በላይ የበለዘ ነገር ያየችው፤ አንገቱም ላይ ሌላ አለ፣ ጆሮው ጀርባ ሌላ፣ አንዱ የቆየ፣ አንዱ ትኩስ።

ከኋላዋ አከራይዋ የአንድ እግሯን ነጠላ ጫማ በእጇ ይዛ ገባች። «ደግሞ ወደቀ? ሆን ብሎ እኮ ነው የሚወድቀው!» አለችና፣ ዕለት ዕለት እንደምትሠራው ሥራ፣ ንዴት እንኳን ሳይታይባት በጫማው ትከሻውን አንድ ጊዜ አጮለችው። ለሁለተኛው ስታነሳ የእጇ አንጓ ተያዘ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ምንሽ ነው?»

«ወንድሜን ያደነቆረ ሰው ነው» አለች። የያዘችውን እጅ አልለቀቀችም። «እናቴን ያዋረደ፣ እኔን ከትምህርት ያስቀረ ሰው ነው። ብትፈልጊ ገና ብዙ እነግርሻለሁ። እጅሽን ግን ከዛሬ ጀምሮ አታነሺበትም።»

አከራይዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። «ታዲያ እንዲህ ካደረገሽ ምን አገባሽ?» አለች፤ ከልቧ ግራ ተጋብታ።

«እኔም አላውቅም። የሴት ልጁን ስልክ ቁጥር አምጪ።»

አከራይዋ ማጉረምረም ጀመረች፤ እኔ እኮ ሰው ነኝ፣ እኔም ይደክመኛል፣ አንሶላ የማነሳው እኔ አይደለሁም ወይ እያለች። ቢሆንም ቁጥሩን ሰጠቻትና ጫማዋን አድርጋ ወጣች። በሩ ሲዘጋ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ርኅራኄ አልመጣላትም። መምጣት የነበረበት ያኔ ነበር፤ ጠበቀችው፣ አልመጣም። የመጣው ቁጣው ነው፣ ያው የጠዋቱ፤ በአከራይዋ ላይ፣ በሩቋ ልጅ ላይ፣ ይህን ሁሉ ሥራ ብቻውን ተሸክሞ በደበቃት ወንድሟ ላይ፣ ዓይኑን ከዓይኗ በማያነሳው በዚህ ሰው ላይ። ፌስታሉን ጥግ ላይ ጥላ በቁጣዋ ሥራ ጀመረች። በብብቱ ገብታ አነሳችው፤ ክብደት የለውም። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ባልዲ ሞልታ መጣች፣ የረጠበውን ልብስ አወለቀችለት። መጀመሪያ እጇ ሸካራ ነበር፤ ጨርቁን እንደ ወለል ነበር የምትፈትግበት። የበለዘው ቦታ ስትደርስ ሰውየው ትንፋሹን ያዘ፤ እሷም ጨርቁን አላላች። እያጠበችው ነገረችው። ልጁ ሲጠሩት አቤት ማለት ያቆመበትን ሳምንት። እናቷ ድስት ከኋላው እየጣለች ዞር ይል እንደሆነ የምታየውን። ወረቀቱን ስታነብላት እናቷ እንደገና አንብቢልኝ፣ ምናልባት ተሳስተሽ ይሆናል ያለቻትን። ሁሉንም ነገረችው፤ አንዱንም አላሳነሰችለት።

ስትጨርስ ሰውየው መናገር ጀመረ። ድምፁ ከተጣመመው አፉ በምራቅ ተለውሶ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«እነግ...ረዋለሁ» አለ። «በመጣ ቁጥር እነግረዋለሁ።»

«ምኑን?»

«መታሁት። በሁለት እጄ። ጆሮው ደህና ነበር።» አረፈ፣ ምራቁን ዋጠ። «ወረቀቱ... ዳይሬክተሩ አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ሁለት ወር። አይሰማኝም።» የማይሠራውን ቀኝ እጁን በዓይኑ አሳያት፤ መጻፍም አልቻልኩም ማለቱ ነው።

ጨርቁን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ወንድሟ ከንፈር ነው የሚያነበው፤ ይህን ከንፈር ማንም አያነበውም። ሰውየው ራሱ ባደነቆረው ልጅ ፊት ሁለት ወር ሙሉ ሲናዘዝ ኖሯል፤ አንዲት ቃል እንኳን አልደረሰችለትም። ሃያ ሁለት ዓመት ልትሰማው የፈለገችውን ነገር አሁን በዓለም ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትልስ? ማንንም አልነካች፣ ማንንም አልመታች፤ አፏን መዝጋት ብቻ ነው። እስኪሞት ድረስ ለማይሰማ ሰው ይጩህ። ሐሳቡ ጣፈጣት። የዕድሜዋን ግማሽ ስትጠብቀው የነበረ ፍርድ ማንም ሳይጠየቅበት ራሱ መጥቶ እጇ ላይ ገብቷል። ንጹሕ ልብስ አለበሰችው፣ አልጋው ላይ አጋደመችው፣ ትራሱን አስተካከለችለት፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ሐሳቡን እንደ ከረሜላ በምላሷ እያገላበጠች ነበር።

ወንድሟ ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ እጁ ላይ የማተሚያ ቀለም እንዳለ ነው። በሩ ላይ ሲያያት ደነገጠ፤ መጀመሪያ ያየው ሽማግሌውን ነው፣ ከዚያ ባልዲውን፣ ከዚያ የተጠቀለለውን እጅጌዋን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ «እንዴት ዋሉ መምህር?» አለ በዚያ ከፍ ባለ ድምፁ።

ሽማግሌው ወዲያው ጀመረ። ግራ እጁን ዘርግቶ የልጁን ሸሚዝ ያዘና፣ ጆሮው ደህና ነበር፣ ይቅር በለኝ፣ ወረቀቱን እኔ ነኝ፣ አለ፤ ላቡ እስኪወጣ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር። ወንድሟ ግንባሩን ቋጥሮ ያንን የተጣመመ አፍ አተኩሮ አየው። ከዚያ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ እሺ መምህር» አለና ከአልጋው ሥር ካለው ጆግ ውሃ ቀድቶ መጣ። ወደ እሷ ዞር ብሎ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማቸዋል» አላት። አንገቱን ደግፎ አጠጣው። ሽማግሌው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ጠጣ፤ እየጠጣም እንባው በጉንጩ ወርዶ ከውሃው ጋር አገጩ ላይ ተቀላቀለ። ወንድሟ በመዳፉ ጀርባ ጠረገለት።

ይህን ማየት አልቻለችም። ይቅር ስላለች አይደለም፤ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር አሁንም እንደ ድንጋይ ነው። ግን ያ ውሃ በቃኝ አሰኛት። ወንድሟን በትከሻው ይዛ ከአልጋው አስነሳችው፣ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወስዳ ፊቱን ወደ ፊቷ አዞረችው።

«ውሃ አይደለም የጠየቀህ» አለች።

ከንፈሯን አየ።

«መታሁህ ነው የሚለው። በሁለት እጄ መታሁህ። ጆሮህ ደህና ነበር ይላል። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ይላል።» መንጋጋዋ አመማት። የዚያን ሰው ቃል በራሷ አፍ ውስጥ ማድረግ እንደ መራራ ነገር ማኘክ ነበር። «ይቅር በለኝ ይልሃል። ሁለት ወር ሙሉ ሲልህ ነበር።»

ወንድሟ አልተንቀሳቀሰም። ቃሎቹ ገና አፏ ላይ ያሉ ይመስል ከንፈሯን ብቻ ያያል። ከዚያ፣ በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «ድገሚልኝ እትዬ» አላት።

ደገመችለት። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳታስቀር፣ እያንዳንዱን ቃል እስኪያየው እየጠበቀች ደገመችለት።

ወደ አልጋው ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ግራ እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ «ሰማሁ፣ መምህር» አለ።

ከአልጋው የተሰማው ለቅሶ የልጅ ለቅሶ ነበር። እዚያ መቆየት አልፈለገችም፤ ያ የሁለቱ ነው፣ እሷ ገና አልደረሰችበትም፣ መድረስ አለመድረሷንም አታውቅም። ወደ ግቢው ወጣች። አከራይዋ ስታያት ሽንኩርቷን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ነካች። ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ አንዲት ሴት «አቤት» አለች።

«ስለ አባትሽ ነው የምደውለው» አለቻት፤ ድምጿን የጠዋቱ ቁጣ አልለቀቀውም። «ሥራ ላይ ከሆንሽ ተዪውና ቁጭ በይ። ረጅም ነው የማወራሽ።»